ለልጄ የጨመርኩላት ሁለት ዓመት

ልጄን የወለድኳት አንድ ጊዜ ቢሆንም የተወለደችባቸው ዓመቶች ሁለት ናቸው። አንዱን እኔ አውቀዋለሁ፤ በምጥ ያሳለፍኩት ነው። ሌላው ወረቀት ላይ የሰፈረው ሲሆን ከእውነተኛው በሁለት ዓመት ይቀድማል። እሱን ያስጻፍኩት ራሴ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ነገሩ የተጀመረው አዲስ አበባ እያለን፣ ልጄ አምስት ዓመት ሲሞላት ነው። ያኔ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ከአባቷ ጋር ተለያይተናል። መዋዕለ ሕፃናቱ ስድስት ሰዓት ላይ ልጆቹን ይለቃል፤ እኔ ከቢሮ የምወጣው አሥራ አንድ ተኩል ነው። ሞግዚት ልቅጠር ብል ደመወዜ አይበቃም፤ ጎረቤት ላስቀምጣት ብል ጎረቤቴም ፊቷ እየጠቆረ መጣ። አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ግን ሙሉ ቀን ይማራል። ለመግባት ሰባት ዓመት መሙላት አለበት፣ ችግሩ እሱ ብቻ ነበር። የትምህርት ቤቷ ጸሐፊ ልጄን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና «ቁመቷ አያሳጣትም፤ ሁለት ዓመት ጨምሪላት» አለችኝ፣ ወጥ ላይ ጨው ጨምሪ የምትል ይመስል። ጨመርኩላት። በዚያን ጊዜ እንደኔ ቢሮ ውላ ለልጇ ዕድሜ ያልጨመረች እናት ካለች መጥታ ትውቀሰኝ።

ከዓመታት በኋላ ዲቪ ደረሰኝ። የልደት ምስክር ወረቀት ስናወጣ ከትምህርት ቤት ካርዷ ጋር እንዲስማማ ያንኑ ዓመት አስጻፍኩ። የተወለደችበት ሆስፒታል የሰጠኝን ካርድም ቀዳድጄ ጣልኩት፤ ሁለት ዓይነት ወረቀት ይዤ እንዳልገኝ ብዬ ነው። ብልጥ መሆኔ ነበር።

እንግዲህ እኔ ሕግ የማላውቅ ሴት አይደለሁም። ፋብሪካው ውስጥ ሥራዬ ፋይል መያዝ ነበር። ከገጠር የሚመጡ ሴት ልጆች አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶናል የሚል መታወቂያ ይዘው ጠረጴዛዬ ፊት ይቆማሉ፤ ፊታቸውን ሳይ አሥራ አምስት እንኳ እንዳልሞላቸው አውቃለሁ። ወጣት ሠራተኛ በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ሌሊት አይሠራም፣ ትርፍ ሰዓት አይሠራም የሚለውን አንቀጽ በቃሌ እለው ነበር። መታወቂያቸውን ኮፒ አድርጌ ፋይል ውስጥ ከትቼ ወደ ስፌት ክፍል እሰዳቸዋለሁ። ትርፍ ሰዓት ሲታዘዝ ከትልልቆቹ እኩል ያመሻሉ። የጠየቀኝ የለም፤ ብጠየቅም ወረቀት ነበረኝ።

ላስ ቬጋስ ስንገባ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፣ በወረቀት አሥራ ሦስት። ሰባተኛ ክፍል ገባች። ከክፍሏ ልጆች ሁሉ ትንሽ እሷ ነበረች፤ አስተማሪዎቿ አፍሪካ ውስጥ ምግብ አጥታ ቀጭጫ ነው ብለው ሳያዝኑላት አልቀሩም። እኔ ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል አጸዳ ነበር፤ የምንኖረው ዊትኒ የሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ነው። ደመወዜ በፊት በር ገብቶ በጓዳ የሚወጣበት ኑሮ ቢሆንም እንኖር ነበር።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ መጋቢት ላይ በኮቪድ ምክንያት ካዚኖዎቹ ተዘጉ። በራቸው ቁልፍ እንኳ የለውም የሚባልላቸው ቤቶች ናቸውና መጀመሪያ ያመነ አልነበረም። ሰኔ ላይ፣ የዚህ አገር በጋ ሲገባ፣ በከፊል ሲከፈቱ እኔን የጠራኝ አልነበረም። በሰው በሰው አንድ ትልቅ ላውንደሪ ገባሁ፤ የሆቴሎችና የክሊኒኮች አንሶላና ፎጣ የሚታጠብበት፣ መስኮት የሌለው አዳራሽ ነው። አጣፊዎቹ ሁላችንም ሴቶች ነን፤ ሜክሲኳዊት አለች፣ ፊሊፒናዊት አለች፣ የእኛም አገር ሰዎች ነበርን።

የእኛ ፈረቃ አለቃ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ አገራችን ሰው ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት የሚቆሙ፣ ሰው ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄደው የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ግን ስምንት ሰዓት ሲደርስ፣ ልንወጣ ጥቂት ሲቀረን፣ ወረቀት ይዘው ብቅ ይላሉ። «የዛሬ ኦቨርታይም» ይላሉ። እንቢ ማለት ይቻላል፤ የሚከለክልሽ የለም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ስምሽ ለሁለት ቀን ብቻ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ ሁላችንም በፈቃዳችን እንቆይ ነበር።

ምሳ የምንበላበት ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከማይክሮዌቩ በላይ፣ የሥራ ሕግ የተጻፈበት ሰፊ ወረቀት ተለጥፏል። ማንም አያነበውም። እኔ የድሮ ሥራዬ ሆኖብኝ ሩዜ እስኪሞቅ አነብበው ነበር። ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ትምህርት ባለበት ቀን ከሦስት ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይላል። ስለ እኛ ስለ እናቶቹ ግን እስከ ስንት ሰዓት ድረስ ቆዩ ሊሉን እንደሚችሉ የሚናገር ነገር ፈልጌ አጣሁበት።

ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆቹ በኮምፒውተር ቤታቸው ይማሩ ነበር። እኔ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወጥቼ ማታ እመለሳለሁ። ልጄ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ነች። ስልካችንን መቆለፊያ ሳጥን ውስጥ ትተን ነው ወደ ሥራው የምንገባው፣ ይዞ መግባት ክልክል ነው። አንድ ቀን ኦቨርታይም ጨርሼ ስልኬን ሳነሳ አሥራ አንድ ጊዜ ደውላልኛለች። የማታውቀው ሰው በራችንን ሲደበድብና እጀታውን ሲያወዛውዝ ቆይቶ ኖሯል፤ ልጄ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆልፋ ሁለት ሰዓት ተቀምጣለች። ስደርስ አሁንም እዚያው ነበረች። በሩን የከፈተችልኝ ሦስት ጊዜ ስሟን ከጠራሁ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጋሼ ፊት አለቀስኩ። መጋዘኑ ጥግ ወስደው በፎጣ ጋሪ ላይ አስቀመጡኝና «ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?» አሉኝ።

«አሥራ አምስት። በወረቀት ግን አሥራ ሰባት ነው፣ ጋሼ።»

ጋሼ ሳቁ። «የእኔ ልደት ጃንዋሪ አንድ ነው። ሱዳን ካምፕ የመዘገበን ሰውዬ ማን ቀን ይቆጥርላቸዋል ብሎ ለሁላችንም ጃንዋሪ አንድ ሰጠን። በቃ፣ ጃንዋሪ አንድ ተወልጄ እየኖርኩ ነው። አምጫት።»

«ሥራ? ትምህርቷስ?»

«ትምህርቱ እንደሆነ በስልክ ነው፣ ስልኳን እንዳላየ አልፋለሁ። ፎጣ ማጠፍ ብቻ ነው፣ ማሽን አጠገብ አትደርስም። ዓይንሽ ሥር ትሆናለች። ሁለት ከሆናችሁ ደግሞ አንቺን ኦቨርታይም አልጠራሽም፤ ስምንት ሰዓት ላይ አብራችሁ ትወጣላችሁ።»

ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ በጣም ደስ አለኝ። እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም። ያን ግድግዳ ላይ ያለውን ወረቀት የማነብ ሴት መሆኔ ትዝ ያለኝ ማታ ነው፤ ትዝ ሲለኝም «እኔንና ወረቀቱን ምን አገናኘን፣ እሷ አሥራ ሰባት ናት» ብዬ ተኛሁ።

ልጄ መጀመሪያ ላይ ወዳው ነበር። ብቻዋን ከመዋል ይሻላል። አንዱን ማዳመጫ በፀጉር መሸፈኛዋ ሥር ጆሮዋ ውስጥ ትከታለች፤ ስልኩ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ነው። ካሜራዋን አጥፍታ ጠዋት ስሟ ሲጠራ «ሂር» ብላ ትጽፋለች። ስለ አልጀብራ እየሰማች የመዋኛ ፎጣ ታጥፋለች። አንዳንዴ አስተማሪው ይጠራታል፤ ስልኳን አውጥታ የጨርቅ ብናኝ በያዘው ጣቷ መልስ ትልክና ትመልሰዋለች። ከእኔ ፈጥና ማጠፍ ስትጀምር ኮራሁባት። «እጇ ወርቅ ነው» አልኩ ለጓደኞቼ። እንዲህ ብዬ ያወራሁበት አፍ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የጋሼ ቃል ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ከዚያ አንዲት አጣፊ በኮቪድ ታመመች፣ ሌሎችም ተከተሉ። «ዛሬን ብቻ፣ እህቴ» አሉ ጋሼ። ሁለታችንም ቆየን። በማግስቱም ዛሬን ብቻ ሆነ። የገና በዓል ሳይደርስ ልጄ እንደ እኔ በቀን አሥር ሰዓት፣ አንዳንዴ አሥራ አንድ ሰዓት ያህል ትቆም ነበር። የጣቶቿ ጫፍ በበረኪና ተላጠ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ አፏን ከፍታ ትተኛለች፤ ፓርክ ካደረግሁ በኋላ ላለመቀስቀስ ሞተሩን ሳላጠፋ የምቀመጥበት ቀን ነበር። የትምህርት ውጤቷን ቼክ ሳደርግ ሲ እና ዲ ነው። ከዚያ በፊት ሲ እንኳ አምጥታ አታውቅም። ተቆጣኋት፤ ምን እንደምላት ሳጣ ተቆጣኋት።

ሁለት ሺህ ሃያ አንድ እንደገባ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከመንግሥት የሥራ ሰዓት የምትቆጣጠር ሴት መጣች። አንዷ ሠራተኛ ስለ ኦቨርታይሙ አመልክታ ኖሯል። ሴትዮዋ ምሳ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ በየተራ ጠራችን። ልጄ ከእኔ በፊት ገባች። ብዙ ቆየች። ከዚያ በሩ ተከፈተና ሴትዮዋ እኔንም ጨምራ ጠራችኝ።

ልጄ እጆቿን ጭኖቿ መካከል አድርጋ ተቀምጣለች። ሴትዮዋ ማስክ ስላደረገች ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ቁጣ የለበትም። ቀስ ብላ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። ልጅሽ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው ትላለች፣ ፋይሏ አሥራ ሰባት ይላል፤ የቱ ነው ትክክሉ? አሥራ አምስት ከሆነች ዛሬውኑ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ የሚጠየቀው አሠሪው ነው፣ አንቺ አይደለሽም፣ አለችኝ።

በዚያው ሳምንት የዜግነት ማመልከቻዬን አስገብቼ ነበር። በጭንቅላቴ ውስጥ የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ ዲቪው፣ ኤምባሲው፣ ማህተሙ ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። አንዱ ከተመዘዘ ሁሉም ይናዳል ብዬ አሰብኩ። ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ ሳቅሁ። «ትቀልዳለች፤ እዚህ ደክሟት ሲሰለቻት እንዲህ ታደርጋለች። አይዲዋን እዩት» አልኩ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሬ ፈገግታዬን ሳላጠፋ በአማርኛ «ልታስባርሪኝ ነው? አሥራ ሰባት ነኝ በያት። ሁለታችንንም ነው የሚመልሱን፣ ገባሽ?» አልኳት።

«ማሚ፣ ደክሞኛል እኮ» አለችኝ።

«በያት አልኩሽ።»

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። ልጄ ወለሉን እያየች አሥራ ሰባት ነኝ አለች። ሴትዮዋ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየችና ጻፈች። ከዚያ ስለ ኦቨርታይም ጠየቀችኝ፤ በፈቃዴ ነው የምቆየው አልኳት።

ያን ቀን እውነቱን ብናገር ምን ይደርስብን እንደነበር እስካሁን አላውቅም። ምናልባት ምንም። ቢያንስ አንድ ጠበቃ መጠየቅ እችል ነበር፤ ስለ ኢሚግሬሽን ነፃ ምክር የሚሰጡ ሰዎች አሉ፣ የት እንዳሉም አውቅ ነበር። አልጠየቅሁም፤ መልሱን ስለፈራሁ አይደለም፣ የሚያስፈልገኝን፣ አሥራ ሰባት ነኝ የሚለውን የልጄን ቃል፣ አንዴ ስላገኘሁ ነው። በዚህ ራሴን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄ ደክሞኛል ብላኝ አታውቅም። ይህን መጀመሪያ እንደ ጥሩ ነገር ቆጠርኩት። ፀደይ ላይ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ ሥራውን ትተሽ ክፍል ግቢ አልኳት። «እሺ» አለች። ገባችም። በወረቀት ዕድሜዋ የመንጃ ፈቃድ አውጥታ ስለነበር ከትምህርት በኋላ አሮጌ መኪና እየነዳች ለከሰዓቱ ሺፍት ትሄዳለች። አትሂጂ ስላት «ትንሽ ሰዓት ነው» ትለኛለች። በመሐል የእኔ ሆቴል ጠራኝና ላውንደሪውን ለቀቅሁ። ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት እንደምትሠራ በዓይኔ የማየው ነገር አልነበረም። በጋው ላይ ሆቴሎቹ ሞሉ፣ ሰው ቤቱ ተዘግቶ የከረመበትን ሊያወጣ ይመስላል ከየአገሩ ጎረፈ። እጄ ደርሶ አልጋ ላይ የማነጥፈውን አንሶላ ልጄ ናት ያጠፈችው እያልኩ አስብ ነበር። ማታ ሳገኛት እንቅልፍ ወስዷት ነው፣ ጠዋት ስነሳ ወጥታለች።

ነሐሴ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት። በወረቀት አሥራ ስምንት። ትምህርት ተጀመረ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነች፣ የመጨረሻዋ ዓመት። ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ አያታለሁ። ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው ከትምህርት ቤቱ ስልኬ ላይ አንድም መልእክት እንዳልመጣ ልብ ያልኩት። በፊት ለአምስት ደቂቃ ማርፈድ እንኳ ይደውሉ ነበር። በዕረፍት ቀኔ ሄድኩ።

የተማሪዎች አማካሪዋ ወጣት ሴት ናት። የልጄን ስም ኮምፒውተሯ ላይ አይታ ፊቷ ተለወጠ። ልጅሽ ትምህርቷን በራሷ ፊርማ አቋርጣለች አለችኝ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ስለሞላት የወላጅ ፊርማ አያስፈልጋትም። መቼ ነው፣ ምን ብላ ነው፣ ማን አናገራት ብዬ ጠየቅሁ። ልጅሽ አዋቂ ናት፣ ያለ ፈቃዷ ከዚህ በላይ ልነግርሽ አልችልም፣ በጣም አዝናለሁ አለች።

«ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው!» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። ውጭ ወንበር ላይ የተቀመጡ ተማሪዎች ዞረው አዩኝ። እውነተኛውን ዓመት ለመንግሥት ሰው ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

አማካሪዋ አልሳቀችብኝም። እንደገና ኮምፒውተሯን አየች። «የሚያሳይ ወረቀት አለሽ?» አለችኝ። እጄ ቦርሳዬን ከፈተ፤ ምን ሊያወጣ እንደነበር አላውቅም። ቦርሳው ውስጥ ያለው የመንጃ ፈቃዴና የሆቴሉ መታወቂያዬ ነው። ዘጋሁት።

ላውንደሪው ደጃፍ ስደርስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ልጄ በኋላ በር ወጥታ ጥላ ሥር ቆማ ውኃ ትጠጣለች። የፀጉር መሸፈኛዋን አላወለቀችም። ክንዷ ላይ ረጅም የቃጠሎ ምልክት አየሁ፤ ከፎጣው አንስተው ትልቁ መተኮሻ ማሽን ላይ መድበዋታል፣ አሥራ ስምንት ሞልቷታልና ይችላሉ።

«ለምን ሳትነግሪኝ?» አልኳት።

«ብነግርሽ ኖ ትይኛለሻ።»

«እናትሽ ነኝ! ገና አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነው! አሁኑኑ ወደ ቤት እንሂድ፣ ነገ ትምህርት ቤት አብረን ሄደን እናስተካክለዋለን።»

አየችኝ። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣችም። «ማሚ፣ ይሄን ለዛች ሴትዮ ነበር መንገር» አለች። «እኔ ነግሬያት ነበር እኮ።»

ክንዷን ልይዝ ስዘረጋ የተቃጠለው እንዳይነካ ራቅ አደረገችው። በዚያ መሐል ጋሼ ወረቀታቸውን ይዘው በሩ ላይ ብቅ አሉ። ሲያዩኝ ደነገጡ፤ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም አሉኝና ዓይናቸውን ወረቀቱ ላይ አደረጉ። እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳይናገሩ ኦቨርታይም የሚቆይ ማን እንደሆነ ጠየቁ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ—» ብዬ ጀመርኩ። ልጄ አላስጨረሰችኝም። እጇን አወጣች። ጋሼ እኔን ሳያዩ ስሟን ጻፉ።

«እራት ብዪ፣ ማሚ፣ አትጠብቂኝ» አለችኝና ገባች።